ነጭ ቁጥር አራት

ሰኞ 4

ይህን ደብተር ዛሬ የገዛሁት ነገሮች መመዝገብ ስላለባቸው ነው። በክፍሌ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው አለ። ማን እንደሆነ ሳላውቅ አልናገርም፤ ስናገር ደግሞ ቀንና ሰዓት ይዤ ነው የምናገረው።

ከመጀመሪያው በቅጡ ልጻፍ። የቀለም ፋብሪካ የቀለም ማስተካከያ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት፣ ትምህርቴ ኬሚስትሪ፣ እዚህ የቆየሁት ሃያ ስምንት ዓመት ነው። ከዚህ ግቢ የሚወጣ ጣሳ ሁሉ እኔ ሳላየው አይታሸግም። ሠራተኞቹ ከጀርባዬ «አጉሊው» ይሉኛል፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል።

አሠራራችን ይህ ነው። አዲስ የተደባለቀ ቀለም ትንሽ ተቀድቶ ካርድ ላይ ይቀባል። ሲደርቅ በብርሃን ሳጥኑ ውስጥ ከናሙና ካርዱ ጎን ይቀመጣል። እኔ አያለሁ። ነጭ እንዲያበራ ትንሽ ሰማያዊ ይፈልጋልና፣ ካነሰው «ጨምሪ» እላለሁ፤ ምክትሌ አንድ መስፈሪያ ታስጨምራለች፤ እንደገና ይቀባል፣ እንደገና አያለሁ። ዐይኔ ሲበቃው «ይብቃ» እላለሁ። እኔ አልቆጥርም። መቁጠርና መዝገብ ላይ ማስፈር የሷ ሥራ ነው። እየቆጠረ የሚያይ ሰው ቁጥሩን እንጂ ቀለሙን አያይም፤ ይህን ለስንቱ አስተምሬያለሁ።

ዛሬ የብርሃን ሳጥኑ ደብዝዞ አገኘሁት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አስጠራሁ።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት የገባ አምፖል እኮ ነው» አለ።

«ቀይረው።»

«በወር ሁለቴ? ከፈለጉ ፀሐይዋን ራሷን አውርጄ ልግጠምልዎት።»

ሰዎቹን ለማሳቅ ነው። ሳቁለት። አዲሱም አምፖል ያው ነው፤ አልበራም። ደህና ደህናውን ወዴት እንደሚያደርሰው እሱ ያውቃል። ተመዝግቧል።

ኀሙስ 7

የነጭ ቁጥር አራት ናሙና ካርድ ቢጫ ሆኗል።

ቁጥር አራት ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት የሚሄደው ጥሩው ነጫችን ነው። ካርዱ ብርሃን እንዳይነካው በጥቁር ኤንቨሎፕ ሆኖ በብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ኪስ፣ አንዱ ምክትሌ ኪስ። ዛሬ ሳወጣው የአጫሽ ጥርስ መስሏል። ቁጥር አንድን አወጣሁ፤ እሱም። ቁጥር ሰባት፤ እሱም። ካርዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ አያረጁም። አንድ ሰው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ካላዋላቸው በስተቀር።

ምክትሌን ጠራኋት።

«ይሄ ምን ይመስልሻል?»

«ቁጥር አራት።»

«ቀለሙን ነው የጠየቅኩሽ።»

ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፤ ገለበጠችው። «ለኔ እንደ ድሮው ነው፣ ጋሼ።»

ፊቷን አጠናሁት። ምንም የለበትም። ምንም የሌለበት ፊት ያሳስበኛል።

ስለሷ ይህ ይጻፍ፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል፣ የተማረችው እኔ የተማርኩትን ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ከጎኔ ሠርታለች። ሥራውን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ዓምና ቀለም የሚለካ መሣሪያ እንዲገዛ ሐሳብ አቀረበች። እኔ በአራት ገጽ ተቃወምኩ፤ ሐሳቧ ወደቀ። ካርዶቹ ተበላሹ ከተባለ መሣሪያው ይገዛል። መሣሪያው ከተገዛ እኔ ምን አደርጋለሁ? ማን እንደሚጠቀም ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም።

ቅዳሜ 9

ባለቤቴ አዲስ መጋረጃ ሰቅላለች።

«ነጭ ብለው ሸጡልሽ? ክሬም ነው። አታለውሻል» አልኳት።

«ሰውዬ፣ ከዚህ የበለጠ ነጭ ካለ አንተ ፋብሪካ አስቀባልኝ» አለችኝ።

ልጄ ከመጽሐፏ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። እናቷም አየቻት። በመካከላቸው የሆነ ነገር አለ።

አንድ ደስ የሚል ነገር፦ የራስ ምታት መድኃኒቱን ወረቀት፣ ያንን ጉንዳን የተራመደበት የመሰለ ጽሑፍ፣ ያለ መነጽር አነበብኩት። ከአምስት ዓመት ወዲህ ያለ መነጽር ጋዜጣ አንብቤ አላውቅም ነበር። አሁን መነጽሩ ጭራሽ ያውከኛል። ሰው በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ዐይኑ ይደክማል ይላሉ፤ የኔ ወደ ወጣትነቱ እየተመለሰ ነው። ሩቅ ሩቁ ብቻ ትንሽ ጉም አለው። ሰሞኑን አየሩ አቧራማ ነው።

ማክሰኞ 12

ትናንት ከሥራ ስወጣ በቁም ሳጥኑ በር ላይ ቀጭን ክር በሙጫ አጣብቄ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ክሩ እንዳለ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ናት።

ዓርብ 15

አሥራ ሁለቱን የነጭ ካርዶች አዲስ ሠራሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አሮጌዎቹን ማመን ስለማይቻል ከትዝታዬ ነው የሠራኋቸው። ሃያ ስምንት ዓመት ያየሁትን ነጭ ካርድ አያስታውሰኝም።

ደንባችን አሮጌ ካርድ ሲወጣ ሁለት ሰው ባለበት በመቀስ ተቆርጦ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ማንም እንዳይሠራበት። ምክትሌን እንድትፈርም ጠራኋት።

«አልፈርምም» አለች።

«ለምን?»

«አላረጁማ። አዲሶቹ ናቸው ሰማያዊ የሆኑብኝ። ጋሼ፣ ትንሽ ቀን እንያቸው፤ ይቆዩ፣ አይቆረጡ።»

እንዲቆዩ ለምን ትፈልጋለች? የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ጠርቼ አስፈረምኩት። እሱ እንኳን ነጭ ከነጭ፣ ቀይ ከአረንጓዴ ለመለየት የሚጨነቅ ሰው አይደለም። «የት ጋ ነው?» አለ፤ ፈረመ፤ ሄደ። ቁራጮቹን ራሴ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩ። እሷ ቆማ ታይ ነበር። ዐይኗ እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ ወይም የብርሃን ሳጥኑ ነጸብራቅ ነው። አሁን መብራት ሁሉ ዙሪያው ይበተንብኛል።

ረቡዕ 20

ትልቅ ሥራ። የአዲሱ ሆስፒታል ኮሪደሮች፣ ስድሳ በርሜል ቁጥር አራት። ከሁለት ወር በፊት የመጀመሪያውን ስድሳ ልከናል፤ ይህ ሁለተኛው ስድሳ ነው። በችኮላ ነው የምጽፈው።

«ጨምሪ» አልኩ። ጨመረች። «ጨምሪ።» ጨመረች። ቢጫው አልለቅ አለ። ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ ቆም ብላ «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለች። «መጨመር ነው ሥራሽ» አልኳት። በሰው ፊት ነው ያልኩት። አያስፈልግም ነበር።

በመጨረሻ ነጭ ሆነልኝ። «ይብቃ።»

ማደባለቂያው ጋ ካሉት አንዱ፣ «በርሜል» የሚሉት ወፍራሙ፣ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰማሁት፤ «አጉሊው ዛሬ ሰማዩን አውርዶ ጣሳ ሊከተው ነው።» ጓደኛው «ዝናብም እንዳያዘንብብን» አለ።

ይሳቁ።

ሰኞ 25

የዘንድሮ ሾፌሮች ሁሉ ረጅም መብራት አብርተው ነው የሚነዱት። አንድም ሰው ዝቅ አያደርግም። አንዱ ከፊቴ ሲመጣ መንገዱ በሙሉ ነጭ እሳት ሆነ፤ ቆምኩ፤ ከኋላዬ ያለው ጥሩምባውን አሰማኝ። ቤት ስደርስ የግቢውን በር ምሰሶ ፈገፈግኩት። ያ ምሰሶ ሁልጊዜም ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ለግንበኛው ያኔውኑ ነግሬው ነበር።

ልጄ መብራት ይዛ ወጣች።

«አባዬ፣ አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ካየኸው…» ብላ ተወችው።

ኀሙስ 28

ባለቤቴ ኩሽና ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ በስልክ ታወራለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አይ፣ እስካሁን አልነገርኩትም» ስትል ሰማሁ። «ታውቂው የለ፣ ግትር ነው። ትንሽ ታገሺኝ።» ስገባ ዘጋችው።

«ማን ነው?»

«እህቴ።»

እህቷን «ታውቂው የለ» አትላትም፤ እህቷ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ታውቀኛለች። ስልኳን ከፍቼ ለማየት አሰብኩ። አላየሁም። እንዲህ ያለ ሰው አልሆንኩም፤ ገና።

ማክሰኞ 3

አዲሱ ወር በዚህ ተከፈተ።

የሆስፒታሉ ሥራ ተቋራጭ አርባ በርሜል መልሶ አምጥቶ ግቢ ውስጥ አራገፈ። «ኮሪደሩ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኗል» ብሎ ጮኸ። «በሽተኛ ከአንዱ ክፍል ወደ አንዱ ሲሄድ ሰፈር የቀየረ ይመስለዋል።» ሥራ አስኪያጁ ተጠራ። ክዳን ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ አለ፤ ቀና አለ፤ ወደኔ ዞረ።

«ይሄ ሰማያዊ ነው» አለኝ።

እሱና እኔ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ቀለም አያውቅም፤ ፈተና ከኔ ነበር የሚገለብጠው። በርሜሉን አየሁት። ጥሩ ነጭ ነው። ተቋራጩ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ጥበቃው፣ በርሜል የሚሉትም ጭምር፣ አራቱም ሰማያዊ ነው አሉ። አራት ሰው ተማክሮ አንድ ቃል ሊናገር ይችላል። ተቋራጩና ጥበቃው ግን ከየት ይተዋወቃሉ?

ረቡዕ 4

መዝገቡን ከፈትኩ። በዚያ ቀን ገጽ ላይ በሷ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ ነጭ ቁጥር አራት፣ ሰማያዊ፣ ስድስት መስፈሪያ።

ስድስት። ለቁጥር አራት ሃያ ዓመት ሙሉ ከሁለት መስፈሪያ አልፎ አያውቅም።

እንግዲህ በሥርዓት ላስብ። ቀለሙ ሰማያዊ ከሆነ እኔ አላደረግኩትም። እኔ ካላደረግኩት ሌላ ሰው አድርጎታል። እኔ ሁለት ነው ያልኩት። ጨምሪ፣ ጨምሪ፣ ይብቃ። ከዚያ በላይ ብዬ ከሆነ አስታውሰው ነበር።

ለሥራ አስኪያጁ ሁለት ገጽ ጽፌ አስገባሁ፦ ምክትሌ ከኔ ትእዛዝ ውጪ ማቅለሚያ አስጨምራለች፤ የናሙና ካርዶቹም በእጇ ሳሉ ተበላሽተዋል። በአንድ ትንፋሽ ነው የጻፍኩት። ሲያልቅ አላነበብኩትም። እኔ ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት በሕይወቴ ይህ ብቻ ነው።

እሑድ 8

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ዋሽታኝ አታውቅም። ይህ ለሷ የሚጻፍ ነው፤ ሚዛናዊ ልሁን። ግን የማይዋሽ ሰው አንዴ ሲዋሽ ማን ይጠረጥረዋል? ሚዛናዊ መሆን ራሱ ሊያታልል ይችላል።

«ስድስት» የሚለው ቁጥር ያነቃኛል። ሆን ብሎ ያበላሸ ሰው ስድስት ብሎ በገዛ እጁ ይጽፋል? ሁለት ብሎ ይጽፍ ነበር እንጂ። ይህን ዓርብ ማታ አሰብኩት፤ ቅዳሜ ተውኩት፤ ዛሬ ተመልሶ መጣ። መልሱ ይህ ይሆናል፦ በጣም ብልህ ናት።

የቤቱን መብራት ሁሉ አብርቼ ነው የተቀመጥኩት። ቀን ከምሳ በኋላ ከደረጃው መጨረሻ አንዷን ስቼ ስንሸራተት ልጄ ይዛኝ ነበር። «አባዬ፣ ዐይንህን ታየው» አለችኝ። «ያለ መነጽር የማነብ ሰው ነኝ» አልኳት። «ደረጃ አይነበብም እኮ» አለች። ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ ምላሷን ማለቴ ነው።

ረቡዕ 11

ጉባኤ። ሥራ አስኪያጁ፣ የአስተዳደር ኃላፊው፣ የሠራተኞች ተወካይ። እኔ ያየሁትንና የማምነውን ተናገርኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

እሷን ጠየቋት።

«ጋሼ ይብቃ እስኪሉኝ ነው ያስጨመርኩት። ስድስት ጊዜ ብለውኛል፤ ስድስት ጻፍኩ።»

«ሌላ የምትይው አለ?» አላት ተወካዩ።

ወደኔ አየች። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሌላ ነገር ልትናገር ነው አልኩ። ከንፈሯ ሁሉ ተከፍቶ ነበር።

«የለኝም» አለች።

በርሜል የሚሉትንም ጠሩት። «እኔ በማሽኑ ጩኸት የሚስቴን ስም እንኳ አልሰማም» አለ። የፈራ ሰው ነው። ማንን ነው የፈራው? እኔን መሰለኝ።

ታገደች። የመጨረሻው ውሳኔ በወሩ ሠላሳ፣ እኔ በጽሑፍ ካረጋገጥኩ በኋላ። ቦርሳዋን አንግባ በግቢው ስትወጣ ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው አዩዋት። ማንም አልሳቀም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ልጅ አላት ይላሉ። እኔም ልጅ አለኝ፤ ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል።

ዓርብ 13

መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ ሄጄ በዐይን ፈተናው ጣሉኝ። ፈታኟ ማስቲካ እያኘከች «አራተኛዋን መስመር» ትላለች። አራተኛ መስመር የሚባል ነገር ግድግዳው ላይ አልነበረም። ወረቀቱ ከአገልግሎት ብዛት ደብዝዟል፤ ነገርኳት። «አባባ፣ ከርስዎ በፊት የገባው ሰውዬ አነበበው እኮ» አለች። አባባ።

ያለ ዐይን ሐኪም ደብዳቤ አያድሱም። ባለቤቴ ቀጠሮ እንደያዘችልኝ ነገረችኝ፤ ለሰኞ። መቼ ያዝሽው ብላት ከሦስት ሳምንት በፊት አለች። ከሦስት ሳምንት በፊት የመንጃ ፈቃዱን ነገር ማን ያውቅ ነበር?

ሰኞ 16

ሐኪሟ ልጅ ናት። ብዙ ተናገረች።

ሌላ ሐኪም ማየት አለብኝ።

ማክሰኞ 17

ሌላም አየሁ፤ ሸበቶ፣ ትልቅ ሰው። ቃል በቃል ያንኑ ተናገረ። ስለዚህ ልጻፈው።

የዐይን ሞራ ግርዶሽ። ሁለቱም ዐይኖቼ ላይ። የዐይኔ ግፊት ደህና ነው፣ ከኋላ ያለው ነርቭም ደህና ነው፤ ሌንሱ ነው። ልጂቱ ሐኪም ያስረዳችኝ በዚህ መልክ ነበር፤ «መስኮትዎ ላይ በየቀኑ አንድ ጠብታ ሻይ ቢፈስ፣ የቱ ቀን ላይ መስኮቱ ቆሸሸ ይላሉ? አይሉም። ውጪው ነው የተለወጠ የሚመስልዎት።»

ያለ መነጽር ማንበቤን በኩራት ነገርኳት። ፈገግ አለች። «እሱማ ምልክቱ ነው፣ ጋሼ። ሌንሱ ሲጠጥር ቅርቡ ይጠራል፣ ሩቁ ይጠፋል። ብዙ ሰው ዐይኔ ዳነ ብሎ ደስ ይለዋል።» የሚበተነው መብራት፣ የሾፌሮቹ መብራት፣ ደረጃው፣ ሁሉም ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኳት፤ ቀለምስ?

«ነጭ ቢጫ ይሆናል። ሰማያዊ ይሞታል። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቢሮ ነው» አልኳት።

ይህን ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አውቃለሁ።

ማታ ባለቤቴ ሳልጠይቃት ተናገረች። ስልኩ እህቷ አልነበረችም። ምክትሌ ነበረች፤ ካርዶቹን በቆረጥኩ ማግሥት ነው መጀመሪያ የደወለችው። «ጋሼን ዐይናቸውን አሳይልኝ፤ እኔ ብነግራቸው ቦታዬን ፈለገች ይላሉ» ብላታለች።

«ታዲያ ጉባኤው ላይ ለምን አልተናገረችም?» አልኩ።

«እኔ ለምኛት። ሰው ፊት እንዳታዋርድህ፤ ራስህ እንድትደርስበት። በአንድ ቃል እንደምትወጣ እያወቀች ዝም ያለችው ለኔ ብላ ነው።» ከዚያ «አሁን ደረስክበት። ነገ ሂድና ንገራቸው» አለች።

«እሺ» አልኳት።

ረቡዕ 18

አልሄድኩም። የፋብሪካው ማሽን ተበላሽቶ ግርግር ነበር።

ኀሙስ 19

ሥራ አስኪያጁ ደወለ። «ያቺን ማረጋገጫ እስከ ሠላሳ አድርስልኝ። ለተቋራጩም ጥፋተኛዋ ታግዳለች ብዬ አረጋግቼዋለሁ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለሁላችንም ጥሩ ነው።»

ለሁላችንም። ቃሉን ሳጤነው ዋልኩ። ለጡረታ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ቢቀረኝ ነው። ቀዶ ጥገናው ሃያ ደቂቃ ነው ብላኛለች። ማንም ሳያውቅ ዐይኔን ባሠራ፣ ካርዶቹን ዳግመኛ ባስተካክል፣ ማን ያስታውሳል? እሷ ትምህርት አላት፤ ሥራ አታጣም።

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዳለ ይቆይ፤ አልሰርዘውም።

ቅዳሜ 21

ደብዳቤ ጀመርኩ። «በቅርቡ በተደረገልኝ ምርመራ» እስከሚለው ጥሩ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ዓረፍተ ነገር እምቢ ይለኛል። ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። መጀመሪያ ዐይኔ ይታይ፤ ምናልባት ሐኪሞቹ ተሳስተው፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ካርዶቹ ያው ነጭ ቢሆኑስ? ያለ ማረጋገጫ ራሴን ልከስ?

እሷን ያለ ማረጋገጫ ከስሻታለሁ። ይህን ራሴ ነኝ ለራሴ ያልኩት፤ ማንም አላለኝም። ባለቤቴ ከረቡዕ ጀምሮ «ራት ቀርቧል» ከማለት በቀር አላነጋገረችኝም።

ሰኞ 23

ግራ ዐይን። ለመሥሪያ ቤት ጨጓራ ነው አልኩ። አላመመኝም። ሐኪሞቹ በላዬ ስለ መኪና ጎማ ያወሩ ነበር። ዐይኔ ታሽጓል፤ ልጄ ናት እየነገርኳት የጻፈችው። ጨጓራ የሚለውን ስትጽፍ ቆመች፤ «ይሄንንም?» አለች። «እሱንም» አልኳት።

ማክሰኞ 24

ሽፋኑ ተነሣ።

መጋረጃው ነጭ ነው።

የሐኪሟ ካባ፣ ግድግዳው፣ የጥጡ ቁራጭ፣ ሁሉ ነጭ ነው፤ የማውቀው፣ የሃያ ስምንት ዓመቱ ነጭ። የልጄ ሹራብ ግራጫ ነበር፤ ሰማያዊ ነው። ቀኙን ከፍቼ ግራውን ስጨፍን ዓለም ሁሉ የማር ገንቦ ውስጥ ትገባለች፤ ግራውን ስከፍት ትወጣለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ስከፍት ስጨፍን ቆየሁ። እንዴት ይህን ሁሉ ሳላይ ቀረሁ? ቢጫው እኔ ውስጥ ነው የነበረው።

ይህን ደብተር የምጽፍበት እስክሪብቶም ጥቁር መስሎኝ ነበር። ሰማያዊ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ፣ ክሱ ሁሉ፣ በሰማያዊ ነው የተጻፈው።

ኀሙስ 26

ሥራ ገባሁ። ክፍሉን ዘግቼ የሠራኋቸውን ካርዶች አወጣሁ። በግራ ዐይኔ አየኋቸው።

የልብስ ሳሙና ውኃ ይመስላሉ።

አሥራ ሁለቱም። በርሜል የሚሉት በሩን ከፍቶ ገባ፤ ካርዶቹን አየ፤ እኔን አየ። ኮፍያውን አውልቆ እንደገና አጠለቀ። እሱም ያውቅ ነበር። እዚህ ግቢ ውስጥ የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ካወቅኩ አሥረኛ ቀኔ ነው።

እሑድ 29

ሥራ አስኪያጁ ጋ ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። ሁሉንም። «ደህና፤ ትመለሳለች» አለ። «ነገ 'በቅርቡ በታወቀ የጤና ምክንያት ስሕተት ተፈጥሯል' ትላለህ፤ አለቀ። ቀን፣ ምን፣ አያስፈልግም። በገዛ እጅህ ጉድጓድ አትቆፍር።»

«በቅርቡ» ጥሩ ቃል ነው። ውሸት አይደለም። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይዤው መጣሁ።

ሰኞ 30

ያው ጠረጴዛ፣ ያው ሦስት ሰው፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ። እሷ በር አጠገብ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ከስታለች። በቀኝ ዐይኔ ቢሆን አላየውም ነበር።

ወረቀቴን አነበብኩ። ስድስት ጊዜ «ጨምሪ» ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ካርዶቹን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን፣ «በቅርቡ በታወቀ የጤና ምክንያት» መሆኑን።

የሠራተኞች ተወካዩ ብዕሩን አነሣ። «በቅርቡ ማለት መቼ ነው?»

«ዝርዝሩ ለጉዳዩ አያስፈልግም» አለ ሥራ አስኪያጁ ፈጥኖ።

ማንም ሌላ አልጠየቀም። ወረቀቱን ማጠፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። አጠፍኩት። እሷ ወደኔ አላየችም፤ የቦርሳዋን ዚፕ ነበር የምታየው።

«በወሩ አሥራ ስድስት» አልኩ። «ካወቅኩ ዛሬ አሥራ አራት ቀኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጣሪያው አየ። የአስተዳደር ኃላፊው ሳል መጣበት። ተወካዩ ወደሷ ዞሮ የምትጨምረው ነገር እንዳለ ጠየቃት። ተነሣች። ድምጿ መዝገብ ላይ ቁጥር ስታሰፍር እንደምትናገረው ነበር፣ ቀስ ያለ፣ የማይዛነፍ።

«እኔ የታገድኩት አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ጎረቤት ምን ሠርታ ነው ሲል፣ ልጄ ለምን ሥራ አትሄጂም ሲለኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን። አምስቱ የጋሼ ዐይን ነው፤ ለሱ ቅሬታ የለኝም፤ ሰው ይታመማል። አሥራ አራቱ ግን ጋሼ ናቸው።»

ተቀመጠች።

ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጸሐፊው ብዕር ብቻ ነበር፤ እሱም ቆመ። ቀና ብሎ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀ።

«ይሄ ይጻፍ?»

ሥራ አስኪያጁ ወደኔ አየ፤ እሷም አሁን ወደኔ አየች።

«ጻፈው» አልኩት። «እሷ እንዳለችው ጻፈው።»